የመምሬ በቅሎ ጠፍታለች

መሳቢያው ውስጥ ስልኩ እንደገና እየተንቀጠቀጠ ነው። ይሰማዎታል አይደል ጋሼ? ዛሬ ጠዋት ወደ ፈተና ከሚሄዱት ልጆች ስልክ ስንሰበስብ የዚህችን ልጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። «ቲቸር፣ እማዬ ከደወለች ደህና ናት ይበሉልኝ» ብላ እየሳቀች ሰጠችኝ። ይኸው አሁን መስታወቱ ላይ «እማዬ» የሚል ቃል ይበራል፣ ይጠፋል።

እርስዎ ደግሞ፣ ርዕሰ መምህራችን፣ ገብተው በሩን ዘጉና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። እናቷ ሌሊቱን አርፋለች፤ ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ወንዛዬ ነው፤ አጎቷ ደውለው ልጅቷ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ አደራ ብለዋል። «አንቺን ትወድሻለች፤ አብረሻት ተሳፈሪ። ብቻ ፊትሽ እንዳያስታውቅ» አሉኝ። ተፈታኞቹን ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ ደጅ ቆሟል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ታዲያ በሟቿ ስልክ የሚደውለው ማን ይመስልዎታል? ለኔ የልጅቷ ታናሽ እህት ትመስለኛለች። ትልልቆቹ ዞር ሲሉላት ስልኩን አንስታ እህቷን ትጣራለች።

ይቀመጡ ጋሼ። ዘበኛውን ሰው ጥራልኝ ብዬ ልኬዋለሁ፤ እሱ እስኪመለስ አንድ ነገር ላጫውትዎት። እሺም እምቢም የምልዎት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ስልኬ ባለ ቁልፍ ነበረች። ቁልፎቿ ሲነኩ ጠቅ ጠቅ ይላሉ፤ መስታወቷ አረንጓዴ ታበራለች፤ ብዙ ሲያወሩባት ትግልና የተቃጠለ ፕላስቲክ ትሸታለች። የወንድሜ አሮጌ ስልክ ነበረች። እኔ ያኔ እዚሁ ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እማራለሁ፤ አባትና እናቴ ገሳይ ናቸው፤ ወንድሜ ደግሞ ኮምፒውተር ሊማር ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ሄዷል። ከኔ ጥቂት ዓመት ነው የሚበልጠኝ፤ እሱ ግን አያቴ የሆነ ያህል ይኮራብኝ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ለእረፍት ሲመጣ፣ ገሳይ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ዝናብ የጠጣው ባሕር ዛፍ ሽታው አፍንጫ እየሰነፈጠን፣ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስላገኘው ጨዋታ ነገረኝ። ጥቁር መስታወት፣ ነጭ ጽሑፍ፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም። «ዋሻ በር ላይ ቆመሃል» ይልሃል፤ አንተ «ልግባ» ብለህ ትጽፋለህ፤ እሱ ደግሞ ገብተህ ያየኸውን ይነግርሃል። ወይ የምትፈልገውን ታገኛለህ፣ ወይ ትሞታለህ።

«ሥዕል የሌለው ጨዋታ ደግሞ ምን ጨዋታ ነው?» አልኩት።

«ሥዕሉንማ አንቺ ነሽ የምትስዪው፣ አንቺ ደነዝ!» አለኝ። ሲወድ እንደዚያ ነው፤ ይሳደባል። ከሰው ሁሉ ጋር ጨዋ ነው፤ እኔን ሲያይ ነው ምላሱ የሚፈታው።

ትምህርት ሲከፈት ሄደ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ስልኬ ጮኸች። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ያኔ ሁላችንም የምንጽፈው እንደዚያ ነበር። «የመምሬ በቅሎ ጠፍታለች። ገሳይ መንገድ ዳር ቆመሻል። ጠዋት ነው፣ ውርጭ ነው። 1 ወደ ጉና ትወጫለሽ። 2 ወደ ደብረ ታቦር ትወርጃለሽ። 3 ቤትሽ ገብተሽ ትተኛለሽ።»

ላናድደው ብዬ ሦስትን ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ። «ተኛሽ። በቅሎዋን ጅብ በላት። መምሬ ረገሙሽ። ሞተሻል። ከገሳይ እንደገና ተነሺ።» መንገድ ላይ ብቻዬን ስንከተከት አንዲት ሴትዮ አማትበው አለፉ።

በዚያው ተጀመረ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ቁጥር እልካለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ መልእክት ብቻ ነው የሚልከው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እሱ ውስጥ ነው የምውለው። የኬሚስትሪ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኔ ጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ ነኝ፤ እግሬ ሥር ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፣ መነኮሳቱ ሲያዜሙ ከሩቅ ይሰማኛል። እውነት እልዎታለሁ፣ ጣራ ገዳምን በእግሬ የረገጥኩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ስደርስ ግን የማውቀው አገር ሆኖ አገኘሁት።

ስንቴ እንደገደለኝ አይጠይቁኝ። ርብ ሞልቶ ሳለ ልሻገር ብዬ ወሰደኝ። ሰው ግቢ «ቤቶች!» ሳልል ዘው ብዬ ገብቼ ውሻ ቦጫጨቀኝ። ፍል ውሃው ደስ ብሎኝ ወንዛዬ ላይ ስዘፈዘፍ ውዬ ራሴን ሳትሁ። በፆም ቀን ከሰው ቤት ወተት ለምኜ ባለቤቲቱ በምራን ጠፍር ስታባርረኝ ገደል ገባሁ። ደግሞ ሁሉን ነገር ያስታውሳል! መጀመሪያ ላይ ለአንዲት መነኩሲት ዳቦ ከልክዬ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ድልድይ ላይ ቆመው ጠበቁኝና «ያቺ የዳቦዋ ልጅ» ብለው አላሳልፍ አሉኝ።

የዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ የሚጫወቱትን አይቻለሁ። ሥዕሉ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ «ይህ ምርጫሽ አይረሳም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። «ቲቸር፣ እዚህ እኮ የመረጡት ነገር ሁሉ ታሪኩን ይለውጠዋል» ብላ አንዷ ልታስረዳኝ ቃጥቷት ነበር። ራሴን ነቀነቅሁላት።

አንዴ ግን ብሽቅ ብዬ ደወልኩለት። «ምናለ አንድ ሳምንት እንኳ ሳትገድለኝ ብትውል!» ብዬ ጮህሁበት። ሳቀ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው ነው የሚስቀው። ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ፣ «የማትሞችበት ጨዋታ ጨዋታ አይደለም፤ ማባበል ነው። አንቺን ማን ያባብልሻል? ትልቅ ሰው ነሽ» አለኝ። ጋሼ፣ ይህችን ነገር ይያዙልኝ።

በቅሎዋ የት እንዳለች ለማንም አልተናገረም። እኔ ስንት መላ ፈጠርኩ መሰለዎት! ለምኜዋለሁ፣ አኩርፌዋለሁ። «ስትደርሺ ታያለሽ» ብቻ ነው መልሱ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ የመልቀቂያ ፈተናው ሲቃረብ፣ ግንቦት ላይ ነው፣ ይቺን ላከልኝ። «ጉና ላይ ነሽ። ጉም ወርዷል፣ የገዛ እጅሽ አይታይሽም። ከወደ ታች የበቅሎ ቃጭል ይሰማሻል። 1 ድምፁን ትከተያለሽ። 2 ጉሙ እስኪገለጥ ቁጭ ትያለሽ።»

አሰብኩበት። ሁልጊዜ የሚገድለኝ በችኮላዬ ነው። ቃጭሉን ብከተል ገደል እንደሚጠብቀኝ ልቤ ነገረኝ። ሳስብበት አደርኩና በማግስቱ ሁለትን ላክሁ።

መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። አክስቴን ብጠይቃት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ለልምምድ ገጠር አውጥተዋቸው ነው አሉ፤ ኔትወርክ የለም» አለችኝ። ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር። ጉንፋን ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ሻሿን ከራሷ አታወርድም፤ እሱንም ራሴን ነው የሚያመኝ አለች። ማለዳ በነጠላ ትወጣለች፣ ማታ በነጠላ ትመለሳለች፤ በመካከል የት እንደምትውል አትናገርም። በእጇ ፌስታል አይጠፋም፤ ከፌስታሉ ትኩስ የጥቁር ቀለም ሽታ ይወጣል። እኔ ደግሞ አልጠየቅሁም። ልጅ ነኝ፣ ፈተና አለብኝ፣ ራሴን ነው የማየው።

ሰፈሩም ተለወጠ። በሞባይል ካርድ ሁሌ የሚጨቃጨቀኝ ባለሱቅ ድንገት «አይዞሽ እህቴ» አለኝ። ለምን አይዞሽ? ክፍል ስገባ የሚንጫጩት ልጆች ጸጥ ይላሉ። አንዷ ጓደኛዬ እያየችኝ እንባዋ መጣና «ዓይኔን አሞኝ ነው» ብላ ሮጠች። ስለ ፈተናው የፈራችልኝ መሰለኝ! የደብረ ታቦር ሰው በሙሉ ያውቃል፤ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ስልኬ ጮኸች። የወንድሜ ቁጥር ነው። «ጎበዝ። ጉሙ ተገለጠ። ደህና ነሽ።»

ጎበዝ! ወንድሜ በሕይወቱ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታው ሁሉ ለስላሳ ሆነ። ርብ ጎድሎ ጠበቀኝ። ውሻው ጅራቱን ቆላልኝ። አንድም ልምረጥ ሁለትም፣ መንገዱ ቀና ነው፤ የማገኘው ሰው ሁሉ እህል ውሃ ያቀርብልኛል። አንዱ መልእክት መጨረሻ ላይ «በርትተሽ አጥኚ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» የሚል ነበረበት። መነኩሲቷ ሳይቀሩ ስለ ዳቦው ይቅር አሉኝ።

ታዲያ አልጠረጠርኩም መሰለዎት? ጠረጠርኩ። የጠረጠርኩት ግን ሌላ ነው። በመጨረሻ ጨዋታው ገባኝ፣ ሰው ሆንኩ፣ ወንድሜም አወቀልኝ አልኩ። ደስ አለኝ እኮ ጋሼ! የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ እየዘፈንኩ አጠና ነበር። ሰልስቱ በወጣበት ቀን ምን ስሠራ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ፀጉሬን ተሠርቼ መስታወት ፊት ቆሜ ነበር።

የፈተናው የመጨረሻ ቀን ከአዳራሹ ስወጣ ስልኬን ከፈትሁ። «ጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ በቅሎዋን አገኘሻት። መምሬ መረቁሽ። አበቃ።» በቁሜ ዘለልኩ። ከዚያ ግን ትንሽ ቅር አለኝ። እንዲህ በቀላሉ? ይህን ሁሉ ዘመን አንከራትቶኝ ዛፍ ሥር ታስራ አገኘኋት? «እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው? ስትመጣ እንጣላለን!» ብዬ ላክሁለት።

በማግስቱ ገና ሊነጋጋ ሲል የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ውሻው ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። አክስቴ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች፤ ያን በፌስታል ስትደብቀው የከረመችውን ጥቁር ለብሳ፣ ራሷ ተላጭቶ። በሩ ተከፈተና ከቅዝቃዜው ጋር ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ከኋላቸው አባቴ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እንግዲህ ጠንክሪ። ወንድምሽ...»

«ትናንት ጽፎልኛል!» አልኩ።

አክስቴ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ትናንት ጽፎልኛል እኮ! ይኸው!» ስልኬን ከትራስጌዬ አንስቼ ለእያንዳንዳቸው አሳየሁ። ለሽማግሌው አሳየሁ፣ ለአባቴ አሳየሁ፤ አባቴ ማንበብ አይችሉም፣ ግን መስታወቱን አዩልኝ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ያኔ በሩ ጥግ የቆመ አንድ የማላውቀው ወጣት እጁን ኪሱ ከተተና የወንድሜን ስልክ አወጣ። ጀርባዋ በፕላስተር የተያዘችውን፣ አውቃታለሁ። «እኔ ነኝ» አለ። «የዶርም ጓደኛው ነኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩልሽ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ወንድሜ የሞተው ለልምምድ ሲሄዱ የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጦ ነው። ገሳይ አምጥተው ቀበሩት። ገሳይ እኮ ከዚህ ቅርብ ነው! ሬሳው ሲያልፍ በዚሁ በደብረ ታቦር መንገድ ነው ያለፈው። እኔ የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ምናልባት የመኪናውን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። እኔ ስደርስ መቃብሩን ዝናብ ደብድቦት ሣር በቅሎበት ነበር። ፊቱን አላየሁም፣ አፈር አላለበስሁትም፣ ሰዎች ለቅሷቸውን ጨርሰው እንባቸው ደርቆ እኔ ብቻዬን ስጀምር «በቃሽ፣ በቃሽ» ይሉኝ ነበር።

ጓደኛው ኋላ ሁሉን ነገረኝ። አባቴ እጁን ይዘው ለምነውታል። ልጅቷ በየቀኑ ትጽፋለች፣ መልስ ካጣች ትጠረጥራለች፣ ፈተናዋ ይበላሻል፤ አንተ ጨዋታውን ቀጥልላት አሉት። ስልኩ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ቁጭ ብሎ አነበበ። ያቺ የላክኋት ቁጥር ሁለት ስትገባ ስልኩ በዚህ ጓደኛው ኪስ ነበር። ወንድሜ አላያትም። «አንዳንድ ቦታ መሞት እንዳለብሽ ይገባኝ ነበር» አለኝ። «ሞተሻል ብሎ መጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

«በቅሎዋስ? የት እንዳለች ነግሮሃል?» አልኩት።

«አልነገረኝም» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እሱን አልጠላውም። የልጆች አባት ሆኗል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል፣ አነሳለታለሁ። እሱ ቢያንስ አፍሯል። ሌሎቹ ግን እስከዛሬ ይኮሩበታል! ውጤቴ ሲመጣ አክስቴ እልል አለች። «ይኸው፣ ነግረንሽ ቢሆን ይህን ታመጪ ነበር?» አለችኝ። አባቴም እስኪያርፉ ድረስ «ለአንቺ ብለን ነው» ይሉ ነበር። ልክ ናቸው፤ ውጤቱ አማረ። በሱ ነው አስተማሪ የሆንኩት፣ በሱ ነው እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥሁት። ተናድጃለሁ ጋሼ። ይኸው ሽበት አውጥቼም ተናድጃለሁ።

ስለ ቀብሩ ብቻ አይምሰልዎት። ሁሉም ይወዱኝ ነበር፤ ሁሉም በኔ ፋንታ ይመርጡልኝ ነበር። ለኔ መንገዱን አሳይቶ «እንግዲህ ምረጪ፣ ከሳትሽም ትሞቻለሽ» ያለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። እሱን በሞተ ማግስት አባባይ አደረጉብኝ። ለኔማ ጨዋታው ያለቀው ጣራ ገዳም አይደለም። እኔ ጉና ላይ ቁጭ እንዳልኩ ነኝ፤ ቃጭሉ ከወደ ታች ይሰማኛል፤ ጉሙ ተገለጠ ያለኝ እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም፣ አውቃለሁ። አጎቷም ክፉ አይደሉም። ፈተናው ከባድ ነው፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ የእናቷም ምኞት ይኸው ነበር ይሉኛል። ይሆናል። እኔ ግን አብሬያት ተሳፍሬ ስትስቅ አልስቅም። የምላት ይህንን ነው። «ከቤትሽ ከባድ ወሬ መጥቷል። አሁን ልንገርሽ ወይስ ፈተናውን ጨርሰሽ ትሰሚዋለሽ?» መጠየቁ ራሱ መንገር ነው ይሉኝ ይሆናል። ነው፣ አልክድም። ቢሆንም እጠይቃታለሁ። እሰማለሁ ካለች ከመናኸሪያው መኪና ይዤ ወንዛዬ ራሴ አደርሳታለሁ፤ ለዘጠኝ ሰዓት እንደርሳለን። አይ፣ ልፈተን ካለች አብሬያት ተሳፍሬ እጇን ይዣት እሄዳለሁ፣ ሌሎቹ ፊት ቃል አይወጣኝም። ብቻ የምትመርጠው እሷ ናት። በኔ ላይ የፈለጉትን ደብዳቤ ይጻፉ፣ አልቀየምዎትም።

ስልኩ ዝም አለ። ትንሿ ልጅ ደከማት መሰለኝ፤ ወይም ወሰዱባት።

ዘበኛው እየመጣ ነው። አዎ፣ ጥራልኝ ብዬ የላክሁት እሷን ነው፤ ገና እርስዎ ወሬውን ሲነግሩኝ ወስኜ ነበር። ይስሟት፣ ደረጃው ላይ ከጓደኞቿ ጋር ትሳሳቃለች። ይቺ ሳቋ ናት የምታሳዝነኝ።

ጋሼ፣ ወንበሩን ይልቀቁላት።